አዲሱ ስልኬ ባትሪው ከአሮጌው ቀድሞ ያልቃል፤ ልመልሰው ወይስ ልቻለው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ።

አምስት ዓመት የያዝኩትን ስልክ አሰናብቼ አዲስ ከገዛሁ ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። አሮጌው አልተሰበረም፣ ውሃም አልገባበትም። የደህንነት አፕዴት መምጣቱን ካቆመ ግን ዓመት አልፎታል። 64 ጊጋባይቱም ከሞላ ቆይቷል። አንድ ፎቶ ለማንሳት ሁለት ማጥፋት ሲመጣ እጄን ሰጠሁ።

አዲሱን የገዛሁት ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስልክ ከስልክ ሳወዳድር ነበር። ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ የአሮጌው 4000 ነበር። ስክሪኑ 120 ኸርዝ ነው፤ ማለትም ምስሉን በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ያድሳል። 5ጂ አለው። ማከማቻው 256 ጊጋባይት ነው። ወረቀቱ ላይ በሁሉም ይበልጣል።

ኪሴ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ጠዋት 100 ፐርሰንት ሆኖ ይዤው እወጣለሁ፣ ከሥራ ሳልወጣ 15 ይገባል። ብዙም አልነካውም። ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሞቃል። ያ ባትሪው ያረጀው ስልኬ እንኳ እስከ ማታ ያደርሰኝ ነበር። መመለስ የምችልበት ጊዜ ሊያልቅ 5 ቀን ቀርቶኛል።

የስልኩን ስም አልጽፍም። ስም ከተጠራ ወሬው ወደ ብራንድ ጸብ ይዞራል፣ የኔም ባትሪ ይረሳል። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ የተበላሸው ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት?

ከዚያ በኋላ የመጣው

እስካሁን 26 መልስ ተሰብስቧል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚሰለቸው እኔው በየቁጥሩ ልተርከው። የተሰደብኩበትንም አልዘልም።

መልስ 1

እንኳን ደስ ያለህ ብሎ የስልኩን ስም ጠየቀ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እንዳላነበበ ገባኝ።

መልስ 2

ረጋ ያለ ሰው ነው። አዲስ ስልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወትሮው በላይ ይሠራል፣ ስለዚህ አትፍረድበት ነው የሚለው። አፖቹን ሁሉ ያወርዳል፣ ከስልኩ ጋር ያላምዳቸዋል፣ ከአሮጌው የተገለበጡትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈተ የማንን ፊት እንደያዙ ይለያል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ስክሪኑ ጠፍቶ ነው። ለዚህ ነው ሳትነካው የሚሞቀው ብሎ አንድ ሳምንት ጠብቅ አለኝ። ሳምንቱ ግን አልፎ ነበር።

መልስ 3

ሁለተኛውን ሳይነቅፍ አረመው። ሳምንት የሚባል ቁርጥ ያለ ገደብ የለም፤ ፎቶው ብዙ ከሆነና ስልኩ ማታ ቻርጅ ላይ የማያድር ከሆነ ሥራው ይንጓተታል አለ። ከዚያ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሊለው የሚገባውን ነገር አለ፦ ሴቲንግ ገብተህ የባትሪ ገጹን ክፈት፣ በአፕ የተበላውን ብቻ ሳይሆን በሲስተም የተበላውንም እይ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን አልሰማሁትም። መልሱ አጭር ስለነበር ቀላል መሰለኝ።

መልስ 4

ይኼኛው እሳት ጎርሶ ነው የመጣው። እኔን ፈረስ ገዝቶ ገብስ በላብኝ ከሚል ሰው ጋር አመሳሰለኝ። 120 ኸርዝ ይበላል፣ 5ጂ ይበላል፣ ደማቅ ስክሪን ይበላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት ሳምንት ሲያወዳድር ምን ሲያይ ነበር ብሎ ተሳለቀ። መድኃኒቱንም አብሮ ሰጠኝ፦ ወደ 60 ኸርዝ አውርድ፣ 5ጂውን አጥፋ፣ ስክሪኑን አደብዝዝ። ማለትም አዲሱን ስልክ አሮጌ አድርገው።

መልስ 5

አንዲት ሴት ናት፤ በጣም በትህትና ነው የጀመረችው፣ ግን አራተኛውን አልማረችውም። 120 የሚለው ጣሪያው ነው፣ ሁልጊዜ በዚያ ይሮጣል ማለት አይደለም አለች። ውድ በሆኑት ስክሪኖች ላይ የቆመ ምስል ሲታይ እስከ 1 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል። ረከስ ያሉት ደግሞ በጥቂት እርከን ብቻ ይወርዳሉ። ጠፍቶ ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ስክሪንን በ120 ኸርዝ መክሰስ አይቻልም ስትል እኔም ሳቅኩ። ባትሪው 5000 መሆኑም የማጠራቀሚያው ስፋት እንጂ የሰዓት ብዛት አይደለም አለች። ትልቅ በርሜል ቧንቧው ከተከፈተ ከትንሹ ቀድሞ ይደርቃል። የቱ ቧንቧ እንደተከፈተ ፈልግ፣ ሦስተኛው እንዳለው ገጹን ክፈት ብላ ጨረሰች።

ያኔም አልከፈትኩትም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

መልስ 6 እና 7

ሁለቱም የተለመደውን ይዘው መጡ፦ አፖቹን ሁሉ እየጠረግህ ዝጋ። ሰባተኛው አውራ ጣቱ ስልኩን ባነሳ ቁጥር ሳያስበው ይጠርጋል፣ በዚህም ኩራት ይሰማዋል።

መልስ 8

ይህ ክር፣ ማለትም ውይይቱ፣ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛው ፕሮግራም ሠሪ ነኝ ይላል፤ በዚህ ጉዳይ ዓመታት እንደተከራከረ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ነጥቡ ግን ትክክል ነው። ከዝርዝሩ ላይ የሚታየው አፕ ሁሉ እየሠራ አይደለም፤ ራም ውስጥ፣ ማለትም በስልኩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ፣ ተኝቷል። ተኝቶ የሚበላው ነገር ከቁጥር አይገባም። ጠርገህ ካጠፋኸው በኋላ ስትከፍተው ግን ከዜሮ ይነሳል፣ ያ ደግሞ ባትሪም ጊዜም ይፈጃል። ራም ሲጠብበው አንድሮይድ ራሱ የማይፈለገውን ያወርዳል። የአንድሮይድ የበላይ ኃላፊ የነበረው ሂሮሺ ሎክሃይመርም እ.ኤ.አ. በ2016 አፖችን መዝጋት ይረዳል ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ አይረዳም፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል የሚል መልስ መስጠቱን አስታወሰ። ቀጥሎ ሰባተኛውን አውራ ጣትህን አሳርፈው አለው። ይህን ባይጨምር ጥሩ ነበር።

መልስ 9

ጸቡን ያበረደችው እናት ነኝ የምትል ሰው ናት። የእርስዋ ታሪክ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ከክሩ ሁሉ የቀረልኝ ይህ ነው። አዲስ ስልክ ገዝታ ባትሪ ቆጣቢውን እስከ ላይ አጠበቀችው። በየ8 ሰዓቱ መድኃኒት የሚያስታውሳት አፕ ነበራት። ሁለት ቀን አልጮኸም። አፑ ተበላሽቶ አልነበረም፤ ስልኩ ባትሪ በላ ብሎ አስተኝቶት ነው። አንዳንድ አምራቾች ከአንድሮይዱ በላይ የራሳቸውን ቆጣቢ ይጭናሉ፣ ያም ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ያጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአፑን ሴቲንግ ከፍቶ የባትሪ ገደቡን ማንሳት። የማንቂያ፣ የመድኃኒትና የመልእክት አፖችን በዚህ መንገድ ነጻ አውጧቸው ብላ መከረች። እኔ በዚያው ደቂቃ ሄጄ አደረግኩት፤ በዚያው መንገድ ላይ ነው የባትሪ ገጹን ያየሁት።

መልስ 10

ይኼ የራሴ ነው። በአፕ ስመለከት የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። በሲስተም ስቀይረው ግን ከስክሪኑም በላይ አንደኛ ሆኖ የተቀመጠው የሞባይል ኔትወርክ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባኝ ያየሁትን ጽፌ ለጠፍኩ።

መልስ 11

ሰውዬው ስልክ ጥገና ላይ ብዙ ዓመት እንደቆዩ ጻፉ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር፣ እኔም አንቱ ብያለሁ። ምክር አልሰጡም፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ስንት ሲም አለህ? የሥራ ቦታህስ የት ነው?

ሁለት ሲም አለኝ። የምሠራውም ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ቁጥር በወር አንዴ ነው የምፈልገው፣ እዚያ ምድር ቤት ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። አሮጌው ስልክ ላይ ሁለተኛውን ሲም ከሴቲንግ ካጠፋሁት ዓመታት አልፈዋል፤ ማጥፋቴንም ረስቼዋለሁ። አዲሱ ስልክ ፎቶዬን፣ መልእክቴን፣ የደወል ድምጼን ሳይቀር ከአሮጌው ተቀብሏል። ይህችን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ግን አልተቀበለም። ሲሙን ስከተው አበራው።

አሠራሩን እሳቸው በትዕግሥት አስረዱ። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ አያርፍም። ደጋግሞ ይፈልጋል። ምልክቱ ደካማ ሲሆን ደግሞ እንዲሰማ ብሎ ጉልበቱን ጨምሮ ያሰራጫል፣ ሰው ሩቅ ላለ ሰው እንደሚጮኸው። ሙቀቱም ከዚያ ይመጣል። በሁለት ሲም ላይ ይህ በሁለት አቅጣጫ ይሆናል። 5ጂውም ደካማ በሆነበት ቦታ ከ4ጂ ወደ 5ጂ እየተመላለሰ ይደክማል፤ ሕንጻ ውስጥ የሚውል ሰው በ4ጂ ብቻ ቢያደርገው ብዙ አያጣም አሉ።

መልስ 12

እንደገና እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ሲም አጠፋሁ፣ ሥራ ቦታ 4ጂ ላይ አደረግኩት፣ በዋይፋይ መደወልንም አበራሁ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ 58 ፐርሰንት ነበር። ሙቀቱም ጠፋ። ስልኩን አልመለስኩትም።

ክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም።

መልስ 13

አራተኛው ተመልሶ መጣ። 5ጂ ይበላል ያልኩት እኔ ነበርኩ ብሎ ድሉን ለራሱ አደረገ። ሦስት ሰዎችም ወደድነው ብለው ጠቅ አደረጉለት፤ አምስተኛዋ ግን ምንም አልተነፈሰችም። በእኔ ሚዛን ድሉ የሦስተኛው ነው፤ ገጹን ክፈት ያለው እሱ ነው።

መልስ 14

ወሬው ወደ አመራረጥ ዞረ። አሥራ አራተኛው ያለው ነገር እኔ በሦስት ሳምንት ማወዳደር ውስጥ አንድም ቀን ያላየሁት ነው። ስልክ ስትገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው የአፕዴቱ ማብቂያ ዓመት ነው ይላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከወጣው ፒክስል 8 ጀምሮ 7 ዓመት ቃል ገብቷል። ሳምሰንግም በጃንዋሪ 2024 ከጋላክሲ ኤስ24 ጋር ያንኑ 7 ዓመት አለ። ግን የሚቆጠረው አንተ ከገዛህበት ቀን አይደለም፤ ሞዴሉ ገበያ ከወጣበት ነው። ሁለት ዓመት ያለፈውን ሞዴል ዋጋው ቀንሷል ብሎ የገዛ ሰው፣ አዲስ ካርቶን ቢከፍትም ከሰባቱ ሁለቱን አስቀድሞ በልቷል። ረከስ ያሉ ሞዴሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጣቸው፤ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ የሚያገኙም አሉ።

አንድ ነገርም ለየ። የአንድሮይድ ቁጥር ሌላ ነው፣ የደህንነት አፕዴት ሌላ። 15 ወደ 16 ሲቀየር መልኩ ይቀየራል። ቀዳዳ የሚደፍነው ግን በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚመጣው ትንሹ አፕዴት ነው። ስለ ስልኩ ከሚለው ገጽ ገብታችሁ የመጨረሻውን ቀን እዩ አለ። አየሁ። የኔ ሁለት ወር ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ አፕዴቱ ወርዶ ሪስታርት እስካደርግለት ሲጠብቀኝ ከርሟል።

መልስ 15

7 ዓመት የሚባለው የሰማይ ላም ነው ብሎ ተነሳ። ባትሪው በአራተኛው ዓመት ሲደክም፣ ስክሪኑ ሲሰነጠቅ፣ መለዋወጫው ሲጠፋ አፕዴቱ ለማን ነው? ነገሩ ጨለምተኛ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም።

መልስ 16

አሥራ አምስተኛው መልስ አገኘ። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚወጡ ስልኮች አምራቹ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት አፕዴት ሊያገኙ፣ መለዋወጫቸውም ለ7 ዓመት ሊቀርብ ግድ ሆኗል። ባትሪውም 800 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ቢያንስ 80 ፐርሰንት አቅሙን መያዝ አለበት። አምራቾች ለአንድ ገበያ ብለው ሌላ ስልክ መሥራት ስለሚከብዳቸው ጥቅሙ ለሌላውም ይተርፋል የሚል ግምቱን ጨመረ። አሥራ አምስተኛው አልመለሰም።

መልስ 17፣ 18 እና 19

እዚህ ጋ ጨዋነት አለቀ። አሥራ ሰባተኛው አሮጌውን ስልክ ለምን ጣልከው ብሎ እኔን ገሠጸኝ። ላይኔጅ ኦኤስ የሚባለውን፣ በጎ ፈቃደኞች ከአንድሮይድ የሚሠሩትን ሲስተም ብጭንበት አዲስ አንድሮይድ አገኝ ነበር። ሳያኖጅንሞድ የሚባለው ተመሳሳይ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ ከእሱ የተወለደ እንደሆነና እሱ ራሱ በሦስት ስልኮች ላይ እንደጫነው ተረከ። አሥራ ስምንተኛዋ የባንክ አፕህ ከፈተልህ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። ቡትሎደሩ፣ ማለትም ላይኔጅን ለመጫን የሚከፈተው የስልኩ የማስነሻ መቆለፊያ፣ የተከፈተ ስልክ ላይ ብዙ የባንክ አፖች አልሠራም ይላሉና። አሥራ ዘጠነኛው ማለት ያው አሥራ ሰባተኛው ነው፤ ይህን የሚያልፉበት ብልሃት አለ አለ፣ ቀጥሎም ስለ ሴትዮዋ ችሎታ የማይገባ ነገር ጻፈ። ከዚያ በኋላ በገዛ እጁ አጠፋው፤ ብዙዎቻችን ግን አይተነዋል።

በጉዳዩ ላይ እኔ ከእርስዋ ጋር ነኝ። ላይኔጅ ለሚችለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን አምራቹ የተወውን የሞደምና (ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል) የቺፕ ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይጠግንም፤ ሰውየው ይህን አልነገረንም።

መልስ 20

ማንም ሳይጠይቀው ስለ ካሜራ ጻፈ። ፎቶ አንሺ ነው። 200 ሜጋፒክስል የሚለው ስልክ በተለመደው አጠቃቀም 16 ነጥቦችን አንድ እያደረገ 12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚያወጣው፣ ይህም ማታ ብርሃን ለመሰብሰብ ነው አለ። ከጀርባ ካሉት አራት ካሜራዎች ውስጥ 2 ሜጋፒክስል የሆነችውን አትቁጠሯት፣ ለቁጥር የገባች ናት። ሌላ ክር ይገባዋል።

መልስ 21

ጋሼ ተመለሱ። ስለ ባትሪ እርጅና ያሉትን አሳጥሬ ባቀርበው ይጎዳል።

ሊቲየም ባትሪ ሁለት ጠላት አለው፦ ሙቀትና ጥግ። ጥግ ማለት ሁልጊዜ 100 ላይ መዋል ወይም ሁልጊዜ እስከ ዜሮ መውረድ። አንድ ዙር የሚባለው ደግሞ አንዴ ሶኬት መሰካት አይደለም። ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ግማሽ ከሞላ አንድ ዙር ነው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ መሙላት አይጎዳም። የድሮ ሰዎች ጨርሶ ካላለቀ አትሙሉት የሚሉት ከሌላ ዓይነት ባትሪ የቀረ ልማድ ነው። በብዙ አዳዲስ ስልኮች ላይ 80 ፐርሰንት ላይ አቁም የሚል ምርጫ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሶኬት አጠገብ የሚውል ሰው ያብራው። መንገድ የሚበዛበት ሰው ግን ባትሪውን ለማዳን ብሎ ስልኩ ሞቶበት አይንገላታ፤ ባትሪ ይቀየራል።

ቀጥሎ ከጠረጴዛቸው ያዩትን ነገሩን። አብጠው ከሚመጡላቸው ባትሪዎች አብዛኛው ቻርጅ ላይ ሆኖ ጌም ሲጫወቱበት የከረመ ወይም ትራስ ሥር ቻርጅ ሲደረግ ያደረ ነው። የስልኩ ጀርባ ከክፈፉ ከተነሳ አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት፣ ውሰዱት አሉ። ውሃ አይገባውም የተባለ ስልክም የሚፈተነው በንጹሕ ውሃ ነው፤ ተከፍቶ የተጠገነ ስልክ ደግሞ ያንን ማሸጊያ እንደያዘ አትቁጠሩ። ራሳቸው ጠጋኝ ሆነው ይህን ማለታቸው ደስ አለኝ።

መልስ 22 እና 23

አንድ ልጅ 8 ጊጋ ራም ሲደመር 8 የሚል ስልክ አይቶ 16 ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ስምንተኛው መለሰለት፣ በዚህ ጊዜ በለሰለሰ አፍ። ተደመረ የተባለው ከማከማቻው የተቆረሰ ነው፤ ማከማቻ ደግሞ ከራም በጣም ይዘገያል። ከዚያ ይልቅ ማከማቻው ፈጣኑ ዩኤፍኤስ ነው ወይስ ዘገምተኛው ኢኤምኤምሲ የሚለውን እይ አለው። ኢኤምኤምሲ ያለው ስልክ ዛሬ ፈጣን ቢመስልም ሲሞላ ያንቀላፋል። የኔም አሮጌ ስልክ እሱ ነበረው።

መልስ 24

ያገለገለ ስልክ የገዛ ሰው ነው። ሲያበራው የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንት ካልገባ አልከፍትም አለው። ይህ መቆለፊያ ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሌባን ለማስቆም። ሻጩ ሌባ አልነበረም፤ አካውንቱን ሳያወጣ፣ ከሴቲንግ ሳይሆን በስልኩ የጎን ቁልፎች ሪሴት አድርጎት ነው። እሱን አግኝቶ ለማስከፈት 11 ቀን ፈጀበት። ከመግዛታችሁ በፊት ስልኩ እፊታችሁ ተከፍቶ እስከ መጨረሻው ገጽ ይድረስ ይላል።

መልስ 25

የኔ። አሮጌው ስልክ የት እንደደረሰ ዘጠነኛዋ ጠይቃኝ ነበር። አካውንቱን አውጥቼ፣ ሪሴት አድርጌ፣ ባንክም ኢሜይልም ሳልጭንበት ሙዚቃ ማጫወቻ አድርጌዋለሁ። ሲም የለውም፣ ቻርጁ ሦስት ቀን ይቆያል።

መልስ 26

አራተኛው ነው። ስለ ፈረሱና ስለ ገብሱ ምንም አላነሳም። የስልኩን ስም በውስጥ መስመር እንድልክለት ብቻ ጠየቀኝ፤ ሊገዛ ነው መሰለኝ። ላክሁለት። ስንት ሲም እንዳለው አልጠየቅኩትም።